ስምንት ወር ከአንድ ብረት ጋር

 

ይህ ጽሑፍ ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ተሰብስበን ሳለ የተናገርኩት ነው። ያልተገኛችሁ ወንድሞችና እህቶች «ጽፈህ ልቀቅልን» ስላላችሁኝ፣ እንደተናገርኩት አድርጌ፣ ትንሽ ብቻ አስተካክዬ አቅርቤዋለሁ። ረዘም ይላል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ አንድ ነገር ደጋግመህ ሞክረህ እምቢ ያለህ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ጀምረሽ ልትተዪው ያሰብሽ እህቴ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። ስለ አንድ ብረት ነው።

ከማዕከሉ ጀርባ ያለውን ብረት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሁለት ቋሚ፣ በላዩ ላይ አንድ አግዳሚ። የሰፈራችን በያጅ ከተረፈ ቧንቧ ሠርቶ የተከለው ነው። ለብዙ ሰው ልብስ ማስጫ ይመስላል። እውነት ለመናገር አንዳንዴ ልብስም ተሰጥቶበታል። እኔ ግን የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ ስምንት ወር ሙሉ ከዚያ ብረት ጋር ተጣልቼ ነበር። አዎ፣ ከብረት ጋር! የጠቡም ምክንያት ጂምናስቶች «ኪፕ» የሚሉት አንድ እንቅስቃሴ ነበር።

ኪፕ ምን መሰላችሁ? ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብረቱ ላይ ትንጠለጠላላችሁ። ወደፊት ትወዛወዛላችሁ። ውዝዋዜው ጫፉ ላይ ሲደርስ ሰውነታችሁ ይዘረጋል፤ ወዲያው ከወገባችሁ ታጥፋችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ብረቱ ታመጣላችሁ። ወደ ኋላ ስትመለሱ እግራችሁን በብረቱ ጥግ ወደ ላይ ትልካላችሁ፣ ክንዳችሁን ሳታጥፉ ብረቱን ወደ ታች ትጫናላችሁ። ያኔ ብረቱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ዳሌ ይመጣል። በመጨረሻ የእጃችሁ አንጓ ከብረቱ በላይ ይዞርና በሁለት እጃችሁ ተደግፋችሁ ቀጥ ትላላችሁ። ከታች ተንጠልጥሎ የነበረው ሰው ከላይ ሆኖ ሰፈሩን ያያል። አሰልጣኞች በቀላሉ ሲያስረዱ «ሱሪህን እየታጠቅክ እንደሆነ አስበው፤ ብረቱን ከቁርጭምጭሚትህ እስከ ወገብህ ሳበው» ይላሉ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ሰከንድ ገደማ ቢፈጅ ነው። እኔ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ኪፕ በዓለም መድረክ ከባድ ከሚባሉት ውስጥ አይደለም። ፊደል በሉት፤ ሀ ሁ ነው። እሱን ሳይችል ብረት ላይ የሚያድግ ግን የለም። በአሜሪካ የሴት ልጆች የጂምናስቲክ መርሃ ግብር አራተኛ ደረጃ ላይ ያለው የብረት ልምምድ በኪፕ ነው የሚጀምረው። ብዙ ልጆች እዚያ በር ላይ ይቆማሉ፤ ወራት ይፈጅባቸዋል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሆናችሁ ይህን ገጽ የምትከታተሉ፣ ልጆቻችሁን ከሥራ መልስ ወደ ጂምናስቲክ የምታመላልሱ ወላጆች ትኖራላችሁ። ልጃችሁ መኪና ውስጥ ገብታ ያለ ምክንያት ካለቀሰች፣ «ምን ሆንሽ?» ስትሏት «ምንም» ካለች፣ ምናልባት ነገሩ ይሄ ሊሆን ይችላል። አትቆጧት።

ለምን እንደዚህ ያበሳጫል? ምክንያቱን ማወቁ ግማሽ መድኃኒት ስለሆነ ልንገራችሁ።

ሩጫ ስትለማመድ ሰዓት አለህ። ትናንት አምስት ኪሎ ሜትሩን በ25 ደቂቃ ሮጠህ ዛሬ በ24 ከገባህ አንድ ደቂቃ አተረፍክ፤ ታየዋለህ፣ ደስ ይልሃል። ፑሽ አፕም እንዲሁ ነው፤ ትናንት 20፣ ዛሬ 22። ኪፕ ግን ግማሽ የለውም። ወይ ከላይ ነህ ወይ ከታች ነህ። መቶ ጊዜ ሞክረህ መቶ ጊዜ ከታች ነህ። መቶ አንደኛው ከመጀመሪያው በብዙ ይሻል ይሆናል፣ ላንተ ግን ያው ነው። ተንጠልጥለህ ነው የቀረኸው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን አይደል? ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንሰማው ተረቱ አልቆብናል፤ ሰምተን እናልፈዋለን። እስቲ ዛሬ ቆም ብለን እንየው። ዶሮ እንቁላሉን የምትታቀፈው 21 ቀን ያህል ነው። በመጀመሪያው ቀን ብታየው እንቁላል ነው። በአሥረኛው ቀን ብታየው እንቁላል ነው። በሃያኛው ቀን ብታየውም ያው፣ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ዝም ያለ እንቁላል ነው። ውስጡ ግን ልብ አብቅሏል፣ አይን አብቅሏል፣ እግር አብቅሏል። ከውጭ ሆኖ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ በሃያኛው ቀን እንቁላሉን የሰበረ ሰው ምን አገኘ? አንድ ቀን የቀረውን ጫጩት ገደለ።

የእኔ ብስጭት እንደዚያ ሰውዬ ሊያደርገኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ አያኮራኝም፣ ግን ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ያኔ ስድስት ልጆች ነበርን የምንለማመደው። አሰልጣኛችን በወጣትነቱ ሰርከስ የሠራ ሰው ነው። እዚህ ላይ ታናናሾቼ እንድታውቁ፣ ሰርከስ በእኛ ሀገር የትናንት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተጀመረ፤ ከዚያም በጅማ፣ በመቀሌ፣ በናዝሬት ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ብዙ የድሃ ልጆች በዚያ በኩል ገብተው ዓለምን ያዩ ናቸው። የእኛም ጋሼ ከዚያ ዘመን ልጆች አንዱ ነው። ብዙ አይናገርም። እጁን ኪሱ ከቶ ያያል።

እኔ ከስድስቱ ውስጥ ጉልበተኛው ነበርኩ። ሰውነቴን 15 ጊዜ ስቤ አገጬን ከብረቱ በላይ አወጣ ነበር። ስለዚህ «ኪፕ ለእኔ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው» ብዬ ፎከርኩ። በሰው ፊት ነው የፎከርኩት፤ ይሄን ልብ በሉ። አንድ ሳምንት አለፈ። አንድ ወር አለፈ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። በየማክሰኞው፣ በየሐሙሱና በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ እወዛወዛለሁ፣ እታጠፋለሁ፣ እጎትታለሁ፣ እወድቃለሁ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ተላጠ። ጉልበተኛ ስለሆንኩ ክንዴን አጥፌ ለመሳብ እታገላለሁ፤ ክንድህን ባጠፍክ ቁጥር ደግሞ ኪፕ ይሸሽሃል። ጉልበቴ ራሱ ጠላቴ ሆነ ማለት ነው። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አብሮኝ የጀመረ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። በሦስተኛው ወር «ይሄ ነገር ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎ ሄደ። ለመንኩት፣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ በማዕከሉ በኩል ማለፍ ሲኖርበት በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። ብረቱን ማየት አይፈልግም። አስቡት፣ አንድ ቧንቧ የአንድን ሰው መንገድ አስቀየረ!

በአራተኛው ወር አንዲት የ12 ዓመት ልጅ መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን ሳታወልቅ የምትለማመድ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኪፕ ሠራች። ሦስት ሳምንት! ሁሉም አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ በእጄ ነው እንጂ በልቤ አይደለም።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ሃያ ምናምን ጊዜ ሞክሬ ወድቄያለሁ። መዳፌ ደምቷል፣ ትከሻዬ ዝሏል፣ ጨልሟል። የመጨረሻውን ሞከርኩና ጭኔ ብረቱን ነክቶ ተመልሼ ወደቅኩ። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል ልጅቷ ናት። በቃ፣ ውስጤ የነበረው ሁሉ ወጣ። ጮህኩባት። «ምን ያስቅሻል? ከዚህ ጥፊ!» አልኳት። ሌላም፣ እዚህ የማልደግመው ነገር ተናገርኩ። ከዚያ ቋሚውን በእግሬ መታሁት። ቋሚው ምንም አልሆነም፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ግን ወር ሙሉ ጠቁሮ ኖረ።

ጋሼ እጁን ከኪሱ አወጣ። «ብረቱ ምን አረገህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «እሷስ?» አለኝ። ለእሱም መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ልጅቷ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ሐሙስ እኔም ልቅር ብዬ አስቤ ነበር። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዩት እንግዲህ ወገኖቼ፤ እኔ ያቃተኝ ነገር ምን በድላ ነው እሷ የቻለችውን የምትተወው? ብስጭት እኮ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወራሽ ይፈልጋል። የሚመርጠውም ወራሽ ሁልጊዜ ካንተ ያነሰውን ነው። ከጋሼ ጋር አልተጣላሁም፤ ከልጅቷ ጋር ነው የተጣላሁት። ወንድ ልጅ ሥራ ቦታ ተበሳጭቶ ቤቱ ገብቶ በእህቱ ላይ የሚጮኸው፣ ታላቅ ወንድም በፈተና ወድቆ ታናሹን የሚመታው፣ ያው ነው። ስማችን ሌላ ነው እንጂ ብረቱ አንድ ነው።

አርብ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «እኔን ምን አድርገኸኝ? ለሷ ንገራት» አሉኝ። ልጅቷን ጠሯት። የ19 ዓመት ጎረምሳ፣ በሰፈሩ ፊት የፎከርኩ ሰው፣ ለ12 ዓመት ልጅ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከኪፑ በፊት የሠራሁት ትልቁ ሥራ እሱ ይመስለኛል።

እሷ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «እኔ እኮ ባንተ አልሳቅኩም። እግርህን ቶሎ ትጥለዋለህ። ልነግርህ ፈልጌ፣ አፍሬ ነው የሳቅኩት።»

አምስት ወር የፈለግኩት መልስ እዚያች ልጅ አፍ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ጮሄ ዘጋሁት።

እግሬን ቶሎ እጥል ነበር። ቁርጭምጭሚቴን ብረቱ ጋ አድርሼ፣ ትከሻዬ ከብረቱ በላይ ሳይመጣ እግሬን እለቀው ነበር። ይሄን በማወቄ በማግስቱ ቻልኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ሌላ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ግን እነዚያ ሦስት ወሮች እንደ መጀመሪያዎቹ አምስት አልነበሩም። ምን እንደቀየርኩ አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ብረት ለሌላችሁም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ነገሩን ቆራረጥኩት። «ኪፕ አቃተኝ» ማለት ምንም የማይነግርህ ንግግር ነው። የቱ ነው ያቃተህ? ውዝዋዜው? እጥፋቱ? ጭነቱ? የአንጓው መዞር? በስልክ ራሴን አስቀረጽኩና ቀስ አድርጌ አየሁት። ውዝዋዜዬ ደህና ነው። እጥፋቴ ይዘገያል። ክንዴ ይታጠፋል። እግሬ ቶሎ ይወድቃል። እንግዲህ «አቃተኝ» የነበረው ሦስት የተለያየ ሥራ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እጥፋቱን ብቻ፣ ሌላ ቀን መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ዱላ ይዤ ጭነቱን ብቻ እለማመዳለሁ። ግማሽ የሌለው ነገር ግማሽ አገኘ። አንተም ሒሳብ አቃተኝ አትበል፤ የቱ ምዕራፍ፣ የቱ እርምጃ? አንቺም እንግሊዝኛ አልገባኝ አለ አትበይ፤ መስማቱ ነው፣ መናገሩ ነው፣ ምኑ ነው?

ሁለተኛ፣ ሙከራዬን ቆጠርኩ። ጋሼ «አሥር ብቻ» አለኝ። አሥር ሙሉ ልብ ያለባቸው ሙከራዎች፣ በመካከላቸው እረፍት፣ ከዚያ በቃ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ሃያና ሠላሳ ጊዜ መውደቅ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር። ግን የዛለ ሰውነት የሚማረው ስህተቱን ነው። ክንድህ ደክሞ ታጥፎ ሠላሳ ጊዜ ከሞከርክ፣ ሠላሳ ጊዜ ክንድ ማጠፍ ተለማመድክ ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት አባቶቻችን ጂም ገብተው አያውቁም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል። ደግሞም የተማርከው ነገር የሚረጋው ተኝተህ ነው። እንቅልፍ የልምምዱ አካል ነው፤ ሌሊቱን ስልክ ላይ አድረህ ጠዋት ሰውነትህን አትውቀስ።

ሦስተኛ፣ በምችለው ጨረስኩ። አሥሩ ሙከራ ካለቀ በኋላ አንድ የምችለውን ነገር፣ ለምሳሌ በእጄ መቆም፣ በደንብ ሠርቼ ነው ከሜዳው የምወጣው። ቀላል ይመስላል። ግን ወደ ቤትህ የምትሄደው በመጨረሻው ስሜትህ ነው። በውድቀት ከጨረስክ ማክሰኞ መመለስ ይከብዳል።

አራተኛ፣ ደብተር ያዝኩ። የ12 ገጽ ርካሽ ደብተር። «ዛሬ ቁርጭምጭሚቴ ብረቱን ነካ። ዛሬ አልነካም። ዛሬ ጭኔ ጋ ደረሰ።» የእንቁላሉን ውስጥ የማይበት መብራት እሱ ሆነ። ይሄ ነገር የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ብራያንና ሃርተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የቴሌግራፍ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ተማሪዎቹ መልእክት መቀበል ሲማሩ መጀመሪያ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ለብዙ ሳምንታት ምንም ለውጥ የማይታይበት ሜዳ ላይ ይቆያሉ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ ይወጣሉ። ሜዳው ላይ ሳሉ ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ያ ዝም ያለው ጊዜ ያንተ ስንፍና ወይም የዘርህ ጉድለት አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የመማር መንገድ ነው።

አምስተኛ፣ ብስጭትን ከሕመም ለየሁ። ይሄን አደራ በጥሞና ስሙኝ፤ እኛ ወጣቶች «ሕመም ድክመት ነው» እያልን እንጎዳለን። ብስጭት ሲሆን ትንፋሽ ወስደህ፣ ውሃ ጠጥተህ ትቀጥላለህ። አንጓህን ወይም ትከሻህን የሚወጋህ ሕመም ሲሆን ግን ትወርዳለህ። መዳፍህ ከተላጠ በሳሙናና በውሃ ታጥበዋለህ፣ ትሸፍነዋለህ፣ እስኪድን ብረት አትነካም። በደም እጅ መንጠልጠል ጀግንነት አይደለም፤ የሚንሸራተት እጅ ነው። ምንጣፍ ወይም አሸዋ በሌለበት፣ የሚጠብቅህ ሰው በሌለበትም አትሞክር። ያ በብየዳ የተሠራ ቧንቧ እንደማይወዛወዝ ሳታይም አትንጠልጠል።

ሲሞን ባይልስን ታውቋታላችሁ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021፣ በቡድን ፍጻሜ ላይ ዘልላ አየር ላይ ሳለች የት እንዳለች ጠፋባት። ሁለት ዙር ተኩል ልትሽከረከር የነበረችው አንድ ዙር ተኩል ብቻ ሠርታ ወረደች። ዓለም ሁሉ እያየ «አልችልም» ብላ ከውድድሩ ወጣች። ብዙ ሰው ሰደባት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳ በሚዛን ምሰሶ ነሐስ ወሰደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅና አንድ ብር። ያን ዕለት በእልህ ቀጥላ አንገቷን ብትሰብር ኖሮስ? ማቆም የሚያውቅ ሰው ነው መመለስ የሚችለው።

ስድስተኛ፣ ራሴን ከልጅቷ ጋር ማወዳደር ተውኩ። ሰውነቷ ቀላል ነው፣ አካሏ አጭር ነው፣ ፍርሃቷ ትንሽ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሰው ፊት አልፎከረችም። የእኔ ሸክም የራሴ ነበር። ከእሷ ጋር መወዳደር ትቼ ከእሷ መማር ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ከታች ቆማ «አሁን! ገና! ጠብቅ!» እያለች ትጮህልኛለች። እኔም አንድ ነገር ስታደርግ እጠብቃታለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው መፈክር ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ ምንጣፍ ላይም ይሠራል።

ውድቀትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ሰው ልጥቀስላችሁ። ኤፕኬ ዞንደርላንድ የሚባል የኔዘርላንድ ጂምናስት አለ፤ የእሱ ሙያ ይሄው አግዳሚ ብረት ነበር። የውድድሩ ብረት ከወለል 2.80 ሜትር ከፍታ አለው። በ2012 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በ2016 ሪዮ ላይ፣ ዓለም ሁሉ ሲጠብቀው፣ ከብረቱ ወድቆ በደረቱ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ። ተነሣ፣ እንደገና ብረቱን ያዘ፣ ልምምዱን ጨረሰ። ያለ ሜዳሊያ ሄደ። በ2018 ደግሞ ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእኛም ደራርቱን አስቡ። በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ፤ በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ፤ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ። እኛ የምንዘፍነው ስለ ባርሴሎናና ስለ ሲድኒ ነው። በመካከል ያሉትን ስምንት ዓመታት፣ እነዚያን ማንም የማያጨበጭብባቸውን ጠዋቶች ግን እሷ ብቻ ናት የምታውቃቸው።

«ጂምናስቲክ የእኛ ስፖርት አይደለም፣ የእኛ ሩጫ ነው» የምትሉም አላችሁ። በፓሪስ 2024 የብረት ፍጻሜውን ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ? ለአልጄሪያ የምትወዳደረው ካይሊያ ነሙር፣ በ15.700 ነጥብ። ከአፍሪካ በጂምናስቲክ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ «አፍሪካ በጂምናስቲክ የለችም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ውሸት ሆነ።

እሺ፣ «መጨረሻው ምን ሆነ?» ትሉኛላችሁ።

በስምንተኛው ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነበር። ሰው አልነበረም። ጋሼ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ልጅቷ ጫማዋን ታስራለች። ከአሥሩ ሙከራዬ ስድስተኛው ላይ ነበርኩ፤ ብዙም ተስፋ አላደረግኩም፤ «እግርህን አትጣል» ብቻ እያልኩ ነበር። ተወዛወዝኩ፣ ታጠፍኩ፣ ጠበቅኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ብረቱ ዳሌዬ ጋ ነው። ክንዴ ቀጥ ብሏል። የማዕከሉ ጣራ፣ ከጀርባው ያለው የባህር ዛፍ፣ የእትዬ ቤት የሚጨሰው ጭስ፣ ሁሉም ከፊቴ ነው። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አላየም። ልጅቷ ቀና ስትል «እንዴ! መቼ ወጣህ?» አለችኝ።

ወርጄ እንደገና ሞከርኩ። ወደቅኩ! ሰባተኛውም፣ ስምንተኛውም፣ ዘጠነኛውም፣ አሥረኛውም ወደቅኩ። ይሄን የምነግራችሁ ሆን ብዬ ነው። አንዴ ማግኘት ማለት መያዝ ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንት ያህል አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ግን የእኔ ሆነ፤ ዛሬም ጠዋት ሠርቼዋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እኛ የዚህ ዘመን ወጣቶች ትልልቅ ቃል እንወዳለን። ትውልድ፣ ታሪክ፣ ክብር፣ ትንሣኤ እንላለን። ጥሩ ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን በሰልፍ ቀን መጮህ የሚችል ሁሉ ማክሰኞ ማታ፣ ማንም በማያይበት፣ አሥር ጊዜ ወድቆ ሐሙስ ለመመለስ ይችላል? ሀገር የምትሠራው በሐሙሶች ይመስለኛል። ሥራ ፈልገህ አሥራ አንድ ቦታ «አይሆንም» የተባልክ ወንድሜ፣ ፈተናውን ለሦስተኛ ጊዜ የምትቀመጪ እህቴ፣ አረብ ሀገር ሆነሽ ከሥራ በኋላ በስልክሽ ትምህርት የምትከታተዪ እህታችን፣ ውጤቱ ስላልታየ ምንም እየተለወጠ አይደለም ማለት አይደለም። እንቁላሉን አትስበሩት።

ስትበሳጩም፣ ትበሳጫላችሁ፣ ሰው ናችሁና፣ ከጎናችሁ ያለውን ትንሽ ሰው ተመልከቱ። የብስጭታችሁ ወራሽ እንዳታደርጉት። ምናልባት መልሱ እሱ አፍ ውስጥ ነው።

ያ መንገድ የቀየረው ጓደኛዬ ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ብረቱ እዚያው ነው። በታችኛው መንገድ ና። ሐሙስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነን፤ ያቺም ልጅ አድጋ አሁን ለሕፃናት አሰልጣኝ ሆናለች። እሷ ታስጀምርሃለች። ስትወድቅም አትስቅም፤ ብትስቅም ለምን እንደምትስቅ ጠይቃት።

 የእናንተ «ብረት» ምንድን ነው? ከሥር ጻፉልኝ፤ አንዳችሁ ለሌላው «አሁን! ገና! ጠብቅ!» በሉ። ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩለት።

በርቱ፣ ተበራቱ። ቸር ይግጠመን!